የአልበም ሙግት፦ ከሐረጎ ዳገት እስከ ኤርታሌ

ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ መኪና ግማሽ ሰዓት፣ ጭነት ከበዛበት ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። የባለ 60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ፊትም 30 ደቂቃ ነው። በካሴት ዘመን በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው እንግዲህ ሳያስበው አልበም ሲፈትን ኖሯል። ኮምቦልቻ ላይ የገባው ካሴት ደሴ መግቢያ ላይ ሲያልቅ ይገለበጣል ወይስ ወጥቶ ሌላ ይገባል? ተሳፋሪው «ገልብጠው እንጂ!» ካለ አልበሙ አልፏል። ዝም ካለ ግን አንድ ሁለት ጥሩ ዘፈን እንጂ ሙሉ ሥራ አልነበረውም ማለት ነው።

የሙዚቃ አፍቃሪዎች የምንጊዜም ምርጥ አልበሞችን በደረጃ ሲያስቀምጡ የሚሟገቱት በመሠረቱ በዚሁ ጥያቄ ነው። ጨዋታው ቀላል ይመስላል፤ አሥር አልበም ጥራ፣ ከአንድ እስከ አሥር ደርድር፣ ምክንያትህን ተናገር። ከባዱ ነገር ዘፈንን ከአልበም መለየት ነው። «እሱ ዘፈን እኮ አንጀት ይበላል» የሚል ሰው ስለ አልበሙ ገና አንድ ቃል አልተናገረም። የአልበም ዳኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን፣ የዘፈኖቹን አሰላለፍ፣ የግጥሙንና የዜማውን መዋደድ፣ የባንዱን ብቃት በአንድ ላይ ይመዝናል። በእኛ አገር አድማጭ አፍ ትልቁ ምስጋና «የሚጣል ዘፈን የለውም» የሚለው ነው፤ ከዚህ የተሻለ መስፈርት እስካሁን አልሰማሁም።

ደረጃ ማውጣትን እንደ ሮክ አፍቃሪዎች የያዘው የለም። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2003 የምንጊዜም 500 ታላላቅ አልበሞችን ሲያወጣ አንደኛ ያደረገው የቢትልሶችን ሳርጀንት ፔፐር ነበር። በ2020 ከ300 በላይ ሙዚቀኞችንና የሙያ ሰዎችን አስመርጦ ዝርዝሩን እንደገና ሲሠራው ያው አልበም ወደ 24ኛ ወረደና አንደኛውን ቦታ የሶል ዘፋኙ ማርቪን ጌይ ወሰደ። አልበሙ በ17 ዓመት ውስጥ አልተበላሸም፤ የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። ማንኛውንም የደረጃ ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ ማን እንደመረጠ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

የሮክ ዝርዝሮች አናት አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽና በ1970ዎቹ የወጡ ሥራዎች የሚበዙበት ምክንያት አለው። በዚያ ዘመን በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ በእያንዳንዱ ፊቱ 20 ደቂቃ አካባቢ ይይዝ ነበር። ሙዚቀኞች ያንን ቦታ እንደ አንድ ሙሉ ድርሰት መጠቀም ጀመሩ። የፒንክ ፍሎይድ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን፣ በ1973 የወጣው፣ 43 ደቂቃ ያህል ነው፤ ዘፈኖቹ እየተያያዙ ስለሚሄዱ ከመሐል አንዱን መዞ ማውጣት ያስቸግራል። አልበም ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነው እቃው ስለፈቀደለት ነው።

የእኛ ታሪክ በሌላ በር ነው የገባው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ ተዳፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላዎቹ በውጭ አገር እየታተሙ ይመጡ ነበር። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄድ ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎች ሲያወጣ ትልልቆቹ ግን ከ12 ብዙም አልዘለሉም። በትንሹ ሸክላ አንዱ ፊት ላይ አንድ ዘፈን፣ ሌላው ላይ ሌላ ዘፈን ነው። ብዙ ሰው ወርቃማ የሚለው ያ ዘመን እንግዲህ በዋናነት የነጠላ ዘፈን ዘመን ነበር፤ የዚያን ጊዜ ዘፋኞች በአልበም ደረጃ ስንመዝን ብዙዎቹ የሚያንሱብን ችሎታ ጎድሏቸው አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ የተባለውን ሙሉ አልበም በ1972 ያወጣው ኒውዮርክ ሆኖ ነው።

ከትልልቆቹ ሸክላዎች መካከል የማሕሙድ አሕመድ ኧረ መላ መላ በማንኛውም ዝርዝር አናት ላይ ይቀመጣል፤ በእኔም ዝርዝር አንደኛ ነው። ማሕሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ቀርጾት አሊ አብደላ ካይፋ በ1975 አሳተመው። ቤዙ መሬት ለመሬት እየሄደ፣ ጊታሩ ከላይ እየቆረጠ፣ ማሕሙድ ደግሞ በሁለቱ መሐል ድምፁን ሲያሳድደው ይሰማል። ብራስልስ ያለ አሳታሚ በ1986 እንደገና ሲያወጣው የአውሮፓ አድማጭ ደነገጠ፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ገቢ ሰው የውጭውን ቅጂ ሰምቶ የመጀመሪያውን የሰማ ይመስለዋል። የብራስልሱ ግን ሌሎች ዘፈኖችም የተቀላቀሉበት ስብስብ ነው። ሙግት ከመጀመሩ በፊት የትኛው ቅጂ እንደሚዳኝ መስማማት ጥሩ ነው።

ከዚያ ካሴት መጣ፤ አልበም ለሰፊው ሕዝብ የደረሰው በእሱ ነው። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ እቃ አሠራሩ ሲታይ ያስደንቃል። ውስጡ ያለው ፊልም ስፋቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያንሳል። በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ የቴፑን ራስ ይነካል። ለ30 ደቂቃ 86 ሜትር ያህል ፊልም ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ሲገለበጥ ያው ፊልም በሌላኛው ጠርዙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድምፁ የተቀመጠው ፊልሙ ላይ በተቀባ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ላይ ነው፤ ዱቄቱ በድምፁ ልክ ማግኔት ይይዛል፣ የቴፑ ራስ ደግሞ ያንን መልሶ ያነበዋል። ቴፑ ካሴት ሲበላ በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠን፣ የተበጠሰውን በፕላስተር መቀጠል፣ ራሱን በጥጥና በአልኮል መጥረግ በየቤቱ የሚታወቅ ሙያ ነበር። ኤሌክትሪክ በሌለበት ገጠር በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርድ የጭነት መኪናም ይዞት ይሄዳል። ሸክላ ማጫወቻ ይህን ሁሉ አይችልም።

ካሴት ለዘፈን ሰዓት ሰጠ። አሥር አሥራ ሁለት ዘፈን በአንድ እቃ ላይ ሲሰለፍ የአልበም ሥርዓት ተፈጠረ፤ የመጀመሪያው ፊት መክፈቻ ሰው የሚስብ ይሆናል፣ የሁለተኛው ፊት መክፈቻ ደግሞ ገልብጦ ለመስማት የደከመውን አድማጭ የሚክስ። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች፣ ታንጎ፣ ኤሌክትራ፣ በወሎው ተራራ ስም የተጠራው አምባሰል፣ የአሳታሚነቱንም የሻጭነቱንም ሥራ ያዙ። ባንዶቹ ሌት ተቀን ይቀርጹ ነበር። ከአይቤክስ የበቀለው ሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ከ200 በላይ አልበሞች ላይ ተጫውቷል። የዚያን ዘመን ካሴቶች በጥሞና የሰማ ሰው የሰላምን ጊታር ሳያውቀው አድጎበታል፤ የሮክ ጊታር ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው በራሱ ስም ሳይሆን ከታወቁ ድምፃውያን ጀርባ ቆሞ ነው። ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ዘፋኙን ብቻ ጠርተው ባንዱንና አቀናባሪውን መዝለላቸው ያሳዝነኛል። የኃይሉ መርጊያን ኪቦርድ ከዋሊያስ ባንድ ብታወጣ ምን ይተርፋል?

ወሎ ላይ ሙግቱ አንድ ተጨማሪ ዳኛ ይገባበታል፤ ቅኝት። የአገራችን አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን ያለው አምባ ነው። ሁሉም ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ሲሆኑ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። እዚህ ያደገ ጆሮ ዘፋኙ አምባሰሉን ሲያልፍ፣ ባቲው ላይ ሲያመነታ ወዲያው ይሰማል። «ግጥሙ ጥሩ ነው፣ አምባሰሉ ግን አልያዘለትም» የሚል ፍርድ ኮምቦልቻ ውስጥ ከባጃጅ ሹፌርም ከፋብሪካ ሠራተኛም ሊመጣ ይችላል። ማሪቱ ለገሰ ከደሴው የላሊበላ ኪነት ቡድን ወጥታ አምባሰልን ከስሟ ጋር ያያዘችው በዚህ ጆሮ ፊት ተፈትና ነው። ማሪቱን ከአሥሩ ውስጥ ያላስገባ ዝርዝር ይዞ ደሴ ፒያሳ ላይ የሚቀመጥ ሰው ረጅም ማብራሪያ ይጠብቀዋል፤ ተገቢም ነው። ባቲና ከሚሴ አካባቢ ደግሞ አሊ ቢራን የረሳ ሰው እንዲሁ ይጠየቃል።

ይህ ጆሮ ከሮክ ጋር ይጣላል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የሮክ ጊታር ሶሎ በአብዛኛው የቆመው ከብሉዝ በወረሰው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ላይ ነው። ርቀቶቹ ከአንዳንዶቹ ቅኝቶቻችን ይለያሉ፣ አስተሳሰቡ ግን ዘመድ ነው፤ ጥቂት ድምፆችን ይዞ፣ እነሱኑ እየጎተተና እያጠመዘዘ ስሜት ማውጣት። ጃኖ ባንድ ይህን ዝምድና በግልጽ ይዞ ተነሳ። የመጀመሪያ አልበሙ ኤርታሌ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ነበር፤ ከዚያ በፊት የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) የ2001 አልበም የሠራው ሰው ማለት ነው። ባንዱ አራት ድምፃውያንን ፊት አሰልፎ፣ የተቃጠለ የጊታር ድምፅና ከባድ ከበሮ ከኋላ አድርጎ፣ የአበሻን ዜማ ዘፈነ። በወጣበት ጊዜ ብዙ ሰው «ይህ ጩኸት ነው» ሲል አስታውሳለሁ። እኔ እዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው፤ ኤርታሌ በኢትዮጵያ ሮክ ተብሎ ከወጣው ሁሉ ቀዳሚ ነው፣ በጠቅላላው ዝርዝርም ከአሥሩ አይወጣም። ምክንያቴ ይህ ነው፤ ጊታሩ ዜማውን አጅቦ ከመሄድ አልፎ ይጠይቀዋል፣ ይመልስለታል፤ ይህን ከሰላም ሥዩም በኋላ እንደዚህ ፊት ለፊት የሠራው አላውቅም። ሁለተኛው አልበማቸው ለራስህ ነው በ2018 ወጣ፤ የተረጋጋ ነው፣ የመጀመሪያው እሳት ግን የለውም።

የቀረውን ቦታ እያንዳንዱ ትውልድ ለራሱ ይሞላል። አስቴር አወቀ በ1989 ለንደን ውስጥ ባሳተመችው አልበም ድምፅ ብቻውን ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል አሳይታለች፤ በእኔ ዝርዝር ሁለተኛ ናት። ቴዲ አፍሮን የሚወድ ሰው በያስተሰርያልና በጥቁር ሰው መካከል ሲዋልል ያመሻል፤ 2017 ላይ የወጣው ኢትዮጵያ የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ መምራቱን እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ አይጠፋም። ሰንጠረዥ የሚቆጥረው ሽያጭ ነው፤ ስለዚህ ስለ አልበሙ መወደድ እንጂ ስለ አልበሙ ጥራት አይመሰክርም። የሮፍናን ነጸብራቅን አንደኛ የሚሉ ወጣቶችም አሉ። ከታላላቆቻቸው አንዱ «ጋሼ ጥላሁን የት ሄዱ?» ሲላቸው የሚሰጡት መልስ ትክክል ነው፦ ጋሼ ጥላሁን ከዘፋኞች ሁሉ በላይ ናቸው፣ ጥያቄው ግን አልበም ነው።

ዛሬ ዘፈን በስልክ ይመጣል፤ አልበም ቢወጣም አድማጭ የወደደውን አንዱን ይዞ ሌላውን ሳይነካው ያልፋል። አሥር አልበም ለመደርደር የተቀመጠ ሰው ግን የግድ አሥሩን ከዳር እስከ ዳር መስማት አለበት፤ የዚህ ሙግት ዋነኛ ጥቅሙ ይኼው ይመስለኛል። ካሴት ያላችሁ ደግሞ ቶሎ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። ሙቀትና እርጥበት የብረት ዱቄቱን ከፊልሙ ያላቅቁታል፤ ኦሪጅናል ማስተሩ ለጠፋ ሥራ እቤታችሁ ያለው ካሴት የመጨረሻው ቅጂ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ዝርዝር ኧረ መላ መላ፣ አስቴር፣ ማሪቱ፣ ኤርታሌ እያለ ይቀጥላል። ከስምንተኛው በታች እስካሁን አልጸናሁበትም፤ አንዱን ቦታ ግን አውቄ ባዶ አድርጌዋለሁ። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የሚነሳ ባንድ አምባሰልን ሳያበላሽ በኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ሙሉ አልበም ይዞ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።