የአንጀታችን ዘበኞች፦ በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚገኙ የበሽታ መከላከያ ሴሎች

የበሽታ መከላከል አቅም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ደምን ነው። ይሁንና እጅግ ብዙ የመከላከያ ሴሎች በአንጀታችን ውስጥም ይገኛሉ። የምንበላውና የምንጠጣው ሁሉ፣ አብሮት የሚገባው ተሕዋስም ጭምር፣ የሚያልፈው በዚያ ነው። የአንጀት የውስጥ ሽፋን ደግሞ ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ስስ ግድግዳ የሚጠብቁት እነማን ናቸው?

1. ፓኔት ሴሎች፦ በትንሹ አንጀት ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሥር ይገኛሉ። ባክቴሪያን የሚገድሉ ንጥረ ነገሮች ያመነጫሉ።

2. ኤም ሴሎችና ዴንድሪቲክ ሴሎች፦ ኤም ሴሎች አንጀት ውስጥ ካለው ነገር ናሙና ወስደው ከሽፋኑ ሥር ያስገባሉ። ዴንድሪቲክ ሴሎች ናሙናውን ተቀብለው ለሌሎቹ ያሳያሉ። እነዚህን ሴሎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ራልፍ ስታይንማን በ2011 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

3. ቲ ሴሎች፦ ከፊሎቹ በሽፋኑ ሴሎች መካከል ተሰግስገው በቫይረስ የተያዘውን ሴል ይገድላሉ። ሌሎቹ ግን ሥራቸው ማብረድ ነው፤ ምግብንና ጠቃሚ ባክቴሪያን ሰውነት እንደ ጠላት እንዳይወጋ ይከላከላሉ። ይህ ሚዛን ሲዛባ የምግብ አለርጂና ሥር የሰደደ የአንጀት ቁስለት ሊከተል ይችላል።

4. ማክሮፋጆች፦ ሽፋኑን አልፎ የገባውን ባክቴሪያ ውጠው ያጠፋሉ። በጤናማ አንጀት ይህን የሚያደርጉት እብጠትና ቁጣ ሳያስነሱ ነው።

5. ፕላዝማ ሴሎች፦ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል በየቀኑ በግራሞች የሚለካ መጠን ያመርታሉ። እሱም ተሕዋሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ግድግዳው እንዳይጠጋ ይይዘዋል።

ይህ እውቀት በተለይ ለወላጆች ይጠቅማል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጀት ይህን ፀረ እንግዳ አካል በበቂ መጠን ገና አያመርትም። በእናት አንጀት ውስጥ ተሕዋስን የለዩ ሴሎች ግን በደም ተጉዘው ጡት ውስጥ ይሰፍራሉ። ስለዚህ ወተቷ እሷ በምትኖርበት አካባቢ ያሉትን ተሕዋስያን የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል ይይዛል። ከሁሉም በላይ የሚበዛው በእንገሩ ውስጥ ነው። በአንዳንድ አካባቢዎቻችን እንገር «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይደፋል፤ በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ወይም ውኃ ይሰጠዋል። እንዲህ ሲደረግ ሕፃኑ የመጀመሪያ ዘበኞቹን ያጣል።

የሮታ ክትባት በመርፌ ሳይሆን በአፍ የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቫይረሱ የሚያጠቃው አንጀትን ስለሆነ፣ መሠልጠን ያለባቸውም የአንጀት ሴሎች ናቸው። ክትባቱ በሀገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል።

ስለዚህ እንገሩ አይደፋ፣ የክትባት ቀኑም አይለፍ እንላለን።