ከረጅም ዝምታ በኋላ ወደ ፒያኖ

ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር፣ በዋያኪ ዌይ አውራ መንገድ ላይ የተሽከርካሪው ጩኸት ከንጋት እስከ ምሽት አይቋረጥም። ለሥራ ጉዳይ እዚያ በቆየንባቸው ወራት በተከራየነው ቤት ሳሎን አንድ አሮጌ ፒያኖ ቆሞ አገኘን። በልጅነታችን ጀምረን ከሃያ ዓመት በላይ የተውነውን ትምህርት እንደ ገና ለመያዝ ቆረጥን።

የመጀመሪያው ሳምንት በኀፍረት አለፈ። ጆሯችን ሁሉን ያስታውሳል፤ ጣታችን ግን አይታዘዝም። በተለይ የቀለበት ጣት ከጎረቤቶቹ ጋር በጅማት የተሳሰረ ስለ ሆነ ለብቻው መነሣት ይከብደዋል፤ የግራው ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ በር ላይ ቆማ ሰማችንና «ገና መማር መጀመርዎ ነው?» ስትል በቅንነት ጠየቀችን። አልከፋንም ብንል ሐሰት ይሆናል።

በዚያ ምሽት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አሰብን። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው ቫዮሊንና ፒያኖን በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በቀን አምስት ሰዓት ፒያኖ፣ አራት ሰዓት ቫዮሊን ያጠኑ ነበር። እኒህ መምህር በኋላ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ጓድ መምራታቸውን ለሠራዊት አንባብያን ማስታወስ ደስ ይለናል። ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ተስፋ ሲከለከል ግን እህል ውኃ አሻፈረኝ አሉ፤ ቆይተውም ወደ ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ። በዚያ ተራራ በባዶ እግር ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ፒያኖ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ። በገንዘቡም ችግረኞችን ረዱበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከመሣሪያው አልተለዩም።

እኛን ያስደነቀን ግን አመለሳቸው ነው። የካይሮውን ትምህርት ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ የያሬድን ዜማ ይዘው መጡ። እኛ ደግሞ በልጅነታችን የተውነውን ከባድ ድርሰት እንደ ነበረ ልንጫወት ስንታገል ነበር። ያን ወረቀት አጥፈን አስቀመጥን። በየማለዳው ግማሽ ሰዓት፣ መጀመሪያ ቀኝ እጅ ብቻ፣ ቀጥሎ ግራው ብቻ፣ ስኬሉን እጅግ በዝግታ ሄድንበት። በአራተኛው ወር ሁለቱ እጆች መስማማት ጀመሩ፤ የቀለበት ጣታችን ግን ዛሬም ያምፅብናል።

ፒያኖው ከቤቱ ጋር ዌስትላንድስ ቀረ። በክበባችን አዳራሽ ያለው ፒያኖ ሦስት ቁልፎቹ አይሰሙም። ፒያኖ መቃኘት የሚያውቅ ባልደረባ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይንገረን።