የአልኮል ሱስ መረዳጃ ቡድን

የአልኮል ሱስ መረዳጃ ቡድን ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች በየጊዜው እየተገናኙ ልምዳቸውን የሚካፈሉበትና የሚበረታቱበት ስብስብ ነው። በዓለም በሰፊው የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ኤ ኤ) በ1927 ዓ.ም. (1935 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በአክረን ከተማ በቢል ዊልሰንና በሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ተመሠረተ። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም፣ የአባላት ማንነትም በምስጢር ይያዛል።

ቡድን ስለ ማግኘት

በደቡብ ጎንደር፣ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጠላና አረቄ የማኅበር፣ የዝክርና የሠርግ መስተንግዶ በመሆናቸው መጠጥ ላቆመ ሰው አልጠጣም ማለት ይከብዳል። ስለ እርዳታ ለመጠየቅ ቅርቡ ቦታ ጤና ጣቢያ ነው፤ ካስፈለገም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። በአቅራቢያው ቡድን ያላገኘ ሰው በስልክ ወይም በኢንተርኔት በሚደረጉ ስብሰባዎች መካፈል ይችላል። በኤ ኤ ልማድ መጠጥ ለማቆም የተሰባሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችም ቡድን ይባላሉ።

ጥንቃቄ

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ካቆመ መንቀጥቀጥ፣ ራስን ስቶ መንፈራገጥና መቃዠት ሊያጋጥመው ይችላል። ይህ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል ከማቆሙ በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር አለበት፤ ቡድኑ የሕክምና ምትክ አይደለም።