«ጥቁር ድንጋይ» እና «መጠነ ጸሊም»፦ ስለ እሳታዊ ዐለቶች አመዳደብ ቃላት

በቆሰበርና በዳንግላ አካባቢ ግንብ የሚሠራበት፣ አጥር የሚካብበት፣ መንገድ የሚነጠፍበት ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው። በጂኦሎጂ አቈጣጠር ቅርብ በሆነው በኳተርነሪ ዘመን ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ የፈሰሰው ላቫ የቀዘቀዘው በዚያ ነው፤ የዘንገና ሐይቅም የተኛው እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጕድጓድ ውስጥ ነው። አማርኛ ይህን ዐለት «ጥቁር ድንጋይ» ይለዋል። ስያሜው ለግንበኛ በቂ ሲሆን ተርጓሚን ግን ያሳስታል።

እሳታዊ ዐለት የምንለው ቀልጦ የነበረ ነገር ቀዝቅዞ ሲጠጥር የሚፈጠረውን ነው። ሊቃውንቱ ይህን ዐለት ከሚመድቡባቸው መንገዶች አንዱ ጸሊም ማዕድናት ከጠቅላላ ይዘቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሚይዙ መቍጠር ነው። ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲን፣ አምፊቦል፣ ጥቁር ሚካና ማግኔታይት ከጸሊሞቹ ወገን ናቸው፤ ኳርትዝና ፌልድስፓር ከነጮቹ። ይህን ድርሻ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል «የቀለም አመልካች» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው፤ የሚለካው ዐለቱ ለዓይን የሚታይበት ቀለም አይደለምና።

ለዚህ ከባልጩት የተሻለ ምስክር አይገኝም። ቆዳ የሚፋቅበት ባልጩት ከጥቁርም ጥቁር ነው። ይሁን እንጂ ባልጩት ብርጭቆ ነው፤ ፈጥኖ ስለ ቀዘቀዘ ማዕድናቱ ለመፈጠር ጊዜ አላገኙም፤ ሲሊካው ብዙ፣ ጸሊም ማዕድኑ እጅግ ጥቂት ነው። በአንጻሩ ዱናይት የተባለው ዐለት አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከመቶ 90 እጅ በላይ ኦሊቪን ስለሆነ ከጸሊሞቹ ጫፍ ይመደባል። ባዛልት ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚውለው ከመካከለኛው ክፍል ነው፤ ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ፕላጂዮክሌዝ የተባለ ነጣ ያለ ፌልድስፓር ነውና። ጥቁር መስሎ የሚታየው ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ ነው፤ በትክክል ለመቍጠር ዐለቱን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አቅጥኖ በማይክሮስኮፕ መመልከት ያስፈልጋል።

እንግዲህ «ጥቁር ዐለት» ብሎ የተረጐመ ሰው ባልጩትንና ባዛልትን ካንድ መደብ ያገባል። ጕዳቱም ከፈተና ወረቀት ላይ አይቀርም። ሲሊካ የበዛበት ብርጭቆማ ዐለት ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተዋሕዶ ኮንክሪት ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ጠጠር የሚመርጠውም ባለሙያ የሚያነበው እኛ የጻፍነውን ቃል ነው።

የውጭዎቹ ቃላት ሉኮክራቲክ፣ ሜሶክራቲክና ሜላኖክራቲክ ከግሪክኛ የተገኙ ናቸው። መድረሻቸው «ዴሞክራሲ» ከሚለው የምናውቀው፣ ሥልጣንን የሚያመለክተው ቃል ነው። «ጥቁር ገዥ ዐለት» ብንል ግን አንባቢውን ከማሳቅ አናልፍም። ስለዚህ ወደ ግእዙ አነጋገር ብንሄድ ይሻላል እንላለን፤ «ብዙኀ ምሕረት» የሚለውን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። በዚሁ አርኣያ ከ65 እስከ 90 እጅ ጸሊም ያለበት «ብዙኀ ጸሊም»፣ ከ10 እስከ 35 ያለበት «ኅዳጠ ጸሊም» ይባል፤ መለኪያው ራሱ «መጠነ ጸሊም» ይሁን። ለመካከለኛው ክፍል «ማእከለ ጸሊም» የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን «ማእከለ» በግእዝ «በ... መካከል» ማለት ስለሆነ ፍቺው ይዛባል። ከ35 እስከ 65 ግማሽን ስለሚከብ፣ እንደ «እኩለ ሌሊት»፣ «እኩለ ጸሊም» የሚለውን መርጠናል። ከ90 በላይ ያለው «ምሉአ ጸሊም»፣ ከ10 በታች ያለው «አልቦ ጸሊም» ቢባል ይስማማል። በእርግጥ 9 እጅ ያለውን ነገር «አልቦ» ማለት ግነት አለበት፤ ግሪክኛውም «ፍጹም ነጭ» ሲል ከዚህ አይሻልም።

«ጥቁር»ን ትተን «ጸሊም»ን የያዝነው ለግእዝ ከማድላት አይደለም። «ጥቁር» ዓይን ለሚያየው መልክ ነጻ ሆኖ ይቅር በማለት ነው፤ ያን ጊዜ «ባልጩት ጥቁር ቢሆንም አልቦ ጸሊም ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

«ማፊክ» የሚለው ቃል ግን በውሰት ይኑር። በ1912 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ሊቃውንት ከማግኒዝየምና ከብረት ስሞች ቈርጠው የቀጠሉት ነውና ሥሩ በየትም ልሳን ሊተረጐም አይችልም። ደግሞም «ብዙኀ ጸሊም»ን አይተካም፤ ባዛልት ማፊክ ነው ይባላል፣ በመጠነ ጸሊም ግን ብዙውን ጊዜ እኩለ ጸሊም ነው።