ስሕተትን ማስታወቅና ስሕተትን ማረም፤ ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች የሚነገረው ተረትና እውነታው

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም አንድ ሥራ እንዲፈጽም የተጠራ ፈንክሽን ሳይሳካለት ሲቀር ጉድለቱን ለጠሪው በምን መንገድ ያስታውቅ የሚለው ነው። አንደኛው ወገን፣ ፈንክሽኑ ኤክሴፕሽን ወርውሮ መደበኛውን ሥራ ያቋርጥ፣ ኤክሴፕሽኑም የሚቀበለው እስኪያገኝ ድረስ ከጠሪ ወደ ጠሪ ይውጣ ይላል፤ ጃቫ፣ ፓይተንና ሲ ፕላስ ፕላስ የዚህ ሥርዐት ተከታዮች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ግን፣ ስሕተቱ እንደ ማናቸውም ውጤት በግልጽ ይመለስ፣ ጠሪውም እዚያው ይመርምረው ይላል፤ ጎና ረስት በዚህ ይሄዳሉ። በክርክሩ ውስጥ ግን ያለ ምርመራ የሚደገሙ አባባሎች ስለ በዙ፣ ዋና ዋናዎቹን ከእውነታው ጋራ ማስተያየት ይገባል።

ኤክሴፕሽን ከድካም ለመሸሽ የተፈጠረ የሰነፎች ዘዴ ነው የሚለው አባባል ከታሪኩ ጋራ አይስማማም። በሲ ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጠው «ኤቶአይ» የተባለው ፈንክሽን፣ ዜሮ የሚል ጽሑፍ ቢሰጠውም፣ ከቶ ቁጥር የሌለበት ጽሑፍ ቢሰጠውም የሚመልሰው ያንኑ ዜሮ ስለ ሆነ፣ ጠሪው እውነተኛውን መልስ ከጉድለቱ የሚለይበት መንገድ የለውም። ሊቃውንቱ የደከሙት መልስና ጉድለት እንዲህ እንዳይቀላቀሉ ነው። ጆን ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጥናት ነገሩን አስፍተው ተነተኑት፤ ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቻቸው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባዘጋጁት ክሉ በተባለው ቋንቋ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ፕሮሲጀር ሊያስነሣ የሚችለውን ኤክሴፕሽን በርእሱ ላይ እንዲያስታውቅ፣ ኤክሴፕሽኑም ከቅርብ ጠሪው አልፎ እንዳይሄድ ተደነገገ። እንግዲህ ግልጽነት ከጥንት ጀምሮ ከኤክሴፕሽን ጋራ አብሮ የኖረ ሐሳብ ነው።

ስሕተት ከታወቀና ከተነገረ ሥራው ተፈጸመ ማለት ነው የሚለውን እምነት ግን በሰፊው መመርመር ያሻል፤ ብዙ ሀብትና ድካም የጠፋው በዚህ በኩል ነውና። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996) በፈረንሳይ ጊያና ከኩሩ የተነሣው አሪያን 5 የተባለው ሮኬት ጉዞውን በጀመረ በ40 ሰከንድ ያህል ውስጥ ከነተሸከማቸው 4 ሳተላይቶች ጠፋ። በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው መርማሪ ጉባኤ እንደ ገለጠው፣ የሮኬቱን አቅጣጫ በሚለካው መሣሪያ ውስጥ ከአግድም ፍጥነት ጋራ የተያያዘ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ ከልኩ አለፈ፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት አዳ የተባለው ቋንቋም ወዲያው ኤክሴፕሽን አስነሣ። ቋንቋው የተሰጠውን አደራ አላጓደለም። ነገር ግን የመሣሪያው ደንብ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ኮምፒዩተሩ ምክንያቱን መዝግቦ ሥራውን ያቁም የሚል ነበር፤ ንድፉ ብልሽት ሁሉ ከዕቃ መበላሸት ይመጣል፣ አንዱ ቢወድቅ ተተኪው ይረከባል ብሎ ስላሰበ ነው። ተተኪውም ያንኑ ፕሮግራም የተሸከመ በመሆኑ በዚያው ምክንያት ቀድሞ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዋናው ኮምፒዩተር የብልሽቱን መግለጫ እንደ በረራ ልኬት አድርጎ ተቀበለው፤ ሮኬቱም ያለ ልክ ተጠምዝዞ ፈረሰ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ያ ስሌት ለአሪያን 4 ታስቦ የተወረሰ እንጂ አሪያን 5 ከመሬት ከተነሣ በኋላ የማይጠቅመው መሆኑ ነው።

ከዚህ ጋራ የሚዛመደው አባባል፣ ኮምፓይለሩ ካስገደደ ስሕተት ሳይታረም አይቀርም የሚለው ነው። ጃቫ አንዳንዱን ኤክሴፕሽን እንዲያዝ ወይም በፈንክሽኑ ርእስ ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ኾኖም የተገደደ ሰው ባዶ መያዣ ጽፎ ሊያልፍ ይችላል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባቀረቡት ጥናት ካሳንድራንና ሄች ቤዝን ከመሳሰሉ 5 ታላላቅ ሥርዐቶች 198 ብልሽቶችን መርምረው፣ ከነዚህ መካከል መላውን ሥርዐት ለጥፋት ካደረሱት 92 በመቶው፣ አስቀድሞ በግልጽ የተነገረን ስሕተት በአግባቡ ካለማስተናገድ የመጡ መሆናቸውን አገኙ። ይህም ተናዝዞ ቀኖናውን ሳይፈጽም እንደ ቀረ ሰው ነው፤ ኀጢአቱ ተነግሯል፣ ንስሐው ግን አልተፈጸመም። በግልጽ የሚመልሱትም ቋንቋዎች ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ በጎ ቋንቋ የተመለሰውን ስሕተት በአንዲት የሥር መስመር ምልክት መጣል ይቻላል፣ በረስትም «አንራፕ» ብሎ ውጤቱን ሳይመረምሩ መውሰድ ይቻላል፤ በውስጡ ስሕተት ቢገኝ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ኤክሴፕሽን ፕሮግራምን ያዘገያል የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ በዛሬዎቹ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሮች ስሕተት ካልተነሣ ወጪው ከሞላ ጎደል የለም፣ በተወረወረ ጊዜ ግን እንደ ተራ ውጤት ከመመለስ እጅግ ይከብዳል።

ጎና ረስት ከኤክሴፕሽን ፈጽመው ተለይተዋል ማለትም ትክክል አይደለም። ከዝርዝር ወሰን ውጭ ያለ ነገር ሲጠየቅ ሁለቱም «ፓኒክ» ያነሣሉ፤ እርሱም እንደ ኤክሴፕሽን ከጠሪ ወደ ጠሪ እየወጣ ሥራውን ያፈርሳል፣ በጎም ቋንቋ «ሪከቨር» በተባለው ትእዛዝ ሊገታ ይችላል። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ወገኖች የተሻለውን ያጣመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ስዊፍት የገባው ሥርዐት ነው፤ በዚህ ቋንቋ ስሕተት የሚወረውር ፈንክሽን ይህንኑ በርእሱ ላይ ያስታውቃል፣ ጠሪውም በጥሪው መስመር ላይ «ትራይ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ይገደዳል። ረስትም በ2016 አንዲት የጥያቄ ምልክት ከጥሪው በስተኋላ በማኖር ወደዚያው ደረሰ። ኮዱን የሚያነብ ሰው ሥራው በየትኛው መስመር ላይ ሊቋረጥ እንደሚችል በዐይኑ ያያል፤ በጃቫና በፓይተን ግን ይህ ከጥሪው መስመር ላይ አይነበብም።