ሹሩባና ደመወዝ፦ ፀጉር ለሥራ እንቅፋት ይሆናል?

በነፋስ መውጫ የገበያ ቀን የሰውን ራስ ብቻ እየተመለከተ ለቆመ ብዙ የሚነበብ ነገር አለ። ጥምጥም ያሰሩ ካህናት፣ ሻሽ የጠመጠሙ እናቶች፣ ቅቤ የጠገበ ሹሩባ የተሠሩ ልጃገረዶች፣ ጎናቸውን ተላጭተው አናታቸውን ያጎፈሩ ወጣቶች፣ አልፎ አልፎም ድሬድ የሚባለውን ግምድ ፀጉር ያንጠለጠሉ ጎረምሶች ሲተላለፉ ይታያሉ። ገበያው ለሁሉም ቦታ አለው። ድንች የሚሸጠውን ወጣት "ቅድሚያ ፀጉርህን ተቆረጥ" የሚለው ገዥ የለም። ነገሩ የሚለወጠው ከገበያው ወጥቶ ከመሥሪያ ቤት በር ላይ ሲደረስ ነው።

ለማስረዳት ያህል ሁለት ወጣቶችን በሐሳባችን እናቁም። አንደኛዋ ከስማዳ ወገዳ የመጣች፣ በሂሳብ አያያዝ የተመረቀችና ለባንክ ገንዘብ ከፋይነት የምታመለክት ናት፤ ራሷን ሹሩባ ተሠርታለች። ሁለተኛው በእስቴ መካነ ኢየሱስ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ለመቀጠር የሚፈልግ ሲሆን ፀጉሩን ድሬድ አድርጎታል። ሁለቱም ፈተናውን ካለፉ በኋላ "ፀጉራችሁን አስተካክላችሁ ኑ" ቢባሉ አሠሪው መብት አለው ወይ? መብት ቢኖረውስ ይጠቅመዋል ወይ? የዛሬው ጽሑፋችን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

ያልተለመደው በማን ዘንድ ነው?

አንድ ፀጉር "ያልተለመደ" ነው ሲባል ቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ "በማን ዘንድ?" የሚለው ነው። በአገራችን ፀጉር ለረጅም ዘመን እንደ መታወቂያ ወረቀት ሲያገለግል ኖሯል። ቁንጮና ጋሜ ልጅነትን፣ ሳዱላ ያላገባች ልጃገረድን ይናገሩ ነበር። ሐዘን የደረሰባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች። በጦር ሜዳ ወይም በአደን ግዳይ የጣለ ጀግና ሹሩባ ተሠርቶና ቅቤ ተቀብቶ በአደባባይ ይታይ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን የተዋጉት አርበኞችም የሚታወሱት በጎፈሬያቸው ነው።

ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነው ምስክር ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው፣ አጠገቡ ባለው ጋፋት መድፍ አስቀልጠው፣ በ1860 ዓ.ም. ያንኑ መድፍ በጋይንት በኩል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ራሳቸውን ሹሩባ እንደተሠሩ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከፀጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ይህ ፀጉር በለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። አገር ተደራድሮ ያስመለሰው የተጎነጎነ የወንድ ፀጉር ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ራስ ይዞ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ወጣት ግን ዛሬ ከበሩ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ይህ ሲባል የድሮው ሰው ሁሉ ያጎፍር ነበር ማለት አይደለም። በምላጭ የሚላጨውም ብዙ ነበር። ሆኖም ዛሬ በመሥሪያ ቤት "ሥርዓት ያለው" የሚባለው አጭር የወንድ ፀጉርና የተተኮሰ የሴት ፀጉር ከዘመናዊው ትምህርት ቤት፣ ከጦር ሠፈሩና ከቢሮው ጋር አብሮ የተስፋፋ ልማድ ነው። የቢሮው ልማድ ከቢሮው ዕድሜ አይበልጥም።

የአሠሪው ምክንያት ሲመነዘር

አሠሪዎች ስለ ፀጉር ሲናገሩ የሚያቀርቡት ምክንያት በአራት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ደህንነት ነው። በወፍጮ ቤት ውስጥ የሚሽከረከር ቺንጋ የተንጠለጠለ ፀጉር ቢይዝ የሚከተለው አደጋ ለማንም ግልጽ ነው። ሁለተኛው ንጽሕና ሲሆን ምግብ የሚያበስልና የሚያስተናግድ፣ በጤና ጣቢያም ቁስል የሚያጥብ ሰው ፀጉሩን መሸፈን ይኖርበታል። ሁለቱ ምክንያቶች ጠንካራ ናቸው፤ ነገር ግን የሚጠይቁት ፀጉር እንዲታሰር ወይም እንዲሸፈን እንጂ እንዲቆረጥ አይደለም። ቆብና ሻሽ ከሥራ ማሰናበቻ ደብዳቤ ይረክሳሉ።

ሦስተኛው ምክንያት የድርጅቱ መለያ ነው። የደንብ ልብስ የሚያለብስ ድርጅት ሠራተኛው ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ይፈልጋል። ይህም ቢሆን ለሁሉም እኩል እስከሠራና አስቀድሞ በጽሑፍ እስከተነገረ ድረስ የሚያስኬድ ነው። አራተኛው ግን "ደንበኛ ይሸሻል" የሚለው ሲሆን ጠበቅ ያለ ምርመራ የሚሻውም ይኸው ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደንበኛው ማን ነው? ጤፉን፣ ገብሱን ወይም ከብቱን ሸጦ ገንዘቡን ሊያስቀምጥ የሚመጣ ገበሬ ነው። የእርሱ ሚስትና ልጅ ሹሩባ ይሠራሉ። በመስኮቱ ማዶ ሹሩባ የተሠራች ገንዘብ ከፋይ ስታስተናግደው የሚደነግጥበት ምክንያት የለም። በመሆኑም በዚህ አገር ሹሩባን ከባንክ መስኮት ማራቅ የገበያ ጥናት ውጤት ሳይሆን ከሩቅ ከተማ የተቀዳ ልማድ ነው።

የድሬዱ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ብዙ ሽማግሌ ግምድ ፀጉር ያየ እንደሆነ "ዱርዬ" ብሎ ያስባል። ከዚህም ሌላ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ በግጭት ውስጥ በመቆየቱ ረጅም የወንድ ፀጉርን ከፖለቲካ ጋር አያይዞ የሚመለከት ዐይን አልጠፋም። የአሠሪው ስጋት ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ቢሆንም ስጋቱ የሚመነጨው ከተመልካቹ ግምት እንጂ ከሠራተኛው ጥፋት አይደለም። ሌላው በሚገምተው ነገር ሰውን ከእንጀራው ማፈናቀል ፍትሐዊ አይሆንም።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ስለሆነ የሚቀጥለው ማብራሪያ እነርሱን አይመለከትም። በአዋጁ አንቀጽ 27 ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ የሚሰናበትባቸው ጥፋቶች ተዘርዝረዋል፤ የፀጉር አሠራር በስም ከተዘረዘሩት መካከል የለም። አንቀጽ 14 ደግሞ አሠሪው በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ስለዚህ ፀጉሩ የሃይማኖት ስለት ወይም የባህል መገለጫ ከሆነ ጉዳዩ ከመልክ አልፎ የመብት ክርክር ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል ሠራተኛው በሕግ መሠረት የወጣውን የሥራ ደንብ የማክበር ግዴታ አለበት። ድርጅቱ ስለ አለባበስና ስለ ፀጉር በጽሑፍ ያወጣው ደንብ ካለ "አላየሁትም" ማለት አያዋጣም። ሁለቱ ወጣቶቻችን ከሁሉ በላይ የሚጋለጡት ግን በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ገና ሳይቀጠሩ ሲሆን በዚያ ጊዜ የተመለሰ ሰው የተመለሰበትን ምክንያት ማስረዳት ይከብደዋል። ሁለተኛው የሙከራ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ የሚችል ሲሆን ለሥራው ብቁ አይደለም የተባለ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያና ያለካሣ ሊሰናበት ይችላል። በፀጉሩ የተጠላ ሰው "ብቁ አይደለም" ተብሎ የሚወጣበት ቀዳዳ ይህ ነው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ የተሰናበተና ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ ሠራተኛ ደግሞ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ ክሱን ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይታገዳል።

ክርክሩ በእኛ አገር ብቻ የተነሳ አይደለም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት አንዲት ጥቁር ሴት እ.ኤ.አ. በ2010 ድሬዷን አልቆርጥም በማለቷ የተሰጣት የሥራ ዕድል ተነጠቀባት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2016 ፀጉር የሚለወጥ ነገር ነው በሚል ለአሠሪው ፈረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ካሊፎርኒያ ሹሩባና ድሬድን በመሳሰሉ የፀጉር አሠራሮች ምክንያት ማግለልን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት።

ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

የገበያ ዓምድ አንባቢ መጠየቅ ያለበት ወጪውን ነው። በገጠሩ ሹሩባ የሚሠራው በጎረቤት እጅ፣ በቡና ሰዓት ነው። ዋጋው ውለታ ነው፤ ሲሠሩላት ሠርታ ትከፍላለች። ከዚህ ወጥታ "የቢሮ ፀጉር" እንድትይዝ የተባለች ልጅ ግን ማስተኮሻ፣ ቅባት፣ አንዳንዴም ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ አርቴፊሻል ፀጉር መግዛት ይጠበቅባታል። ወጪው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ሳይሆን በየሳምንቱና በየወሩ የሚመላለስ ነው። ጀማሪ ሠራተኛ ከምታገኘው ደመወዝ ላይ ይህ ሲቀነስ ለቤት ኪራይና ለወላጅ የሚተርፈው ይሳሳል። በኬሚካልና በእሳት ብዛት ፀጉሯ የተነቃቀለ እንደሆነም "ሲያጌጡ ይመላለጡ" የተባለው ይደርስባታል።

አሠሪውም ቢሆን ይከስራል። የተመረቀ ወጣት ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ካልሄድኩ በሚልበት አካባቢ፣ በወረዳው ተወልዶ የወረዳውን ሰው የሚያውቅ ሠራተኛ በቀላሉ አይገኝም። እንዲህ ያለውን ሰው በፀጉሩ መልሶ እንግዳ ሰው መቅጠር፣ እንግዳውም በዓመቱ ዝውውር ሲጠይቅ ሌላ ማስታወቂያ ማውጣት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ምን ይበጃል?

አሠሪ ስለ ፀጉር ደንብ ማውጣት ከፈለገ በጽሑፍ ያውጣው፤ ምክንያቱን ደህንነት፣ ንጽሕና ወይም መለያ ብሎ ይግለጽ፤ "ንጹሕና የተያዘ" ማለት ሲበቃው "የተቆረጠ" ብሎ አይጻፍ፤ ከመቅጠሩ በፊትም ያስነብብ። ሥራ ፈላጊውም ውሉን ከመፈረሙ አስቀድሞ ደንቡን ይጠይቅ፣ ፀጉሩን በንጽሕና ይያዝ፣ ማሽን አጠገብ ሲቆም ይሸፍን። ይህን ካደረገ ከእርሱ የሚፈለገው የሥራው ውጤት ብቻ ነው። ገንዘቡ ሳይጎድል ከተቆጠረ፣ እንግዳው ተደስቶ ከሄደ፣ ከሹሩባው ጋር ምን ጠብ አለ? "ሥራ ለሠሪው" የተባለው የሠሪው እጅ ታይቶ እንጂ ፀጉሩ ታይቶ አይደለም።