ባለጉዳይ የሚረዳው የሕግ አስተያየት

የሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት የቤት ሠራተኛ ለጠበቃ የምታቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ገንዘቤን አገኛለሁ ወይስ አላገኝም?» የሚል። መልሱ በአንቀጽ ቁጥር ታጭቆ አሥር ገጽ ቢሞላና እርሷ ባትረዳው፣ ሕጉ ቢደግፋትም መብቷ ከወረቀቱ አይወጣም።

በኩዌት የሕግ ባለሙያ አስተያየትና የሃይማኖት ሊቅ መልስ «ፈትዋ» የሚለውን ስም ይጋራሉ። በ1960 በወጣው ሕግ ቁጥር 12 የተደራጀው የመንግሥት የሕግ አማካሪ መሥሪያ ቤት መጠሪያውም የፈትዋና የሕግ ማርቀቅ መምሪያ ነው። በ1277 ያረፉት ኢማም አን-ነወዊ ሙፍቲዎችን ሲመክሩ፣ መልሱ ተራው ሰው የሚረዳው፣ ሊቁም የማይንቀው እንዲሆን፣ ጽሕፈቱም እንዳይደቅና እንዳይገዝፍ አሳስበዋል። በጥያቄው ወረቀት ላይ የተተወ ባዶ ስፍራ ካለም፣ ሌላ ሰው ቃል እንዳይጨምርበት ሙፍቲው ይዝጋው ብለዋል።

ይህ ምክር ዛሬም በሐወሊና በፈርዋኒያ ለሚኖር ባለጉዳይ ይሠራል። ግልጽ አስተያየት ከመልሱ ይጀምራል፤ «ደመወዝሽ ሊከፈልሽ ይገባል»። ቀጥሎ ምክንያቱን ያስረዳል፤ የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪው በየወሩ መጨረሻ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ወርም 10 ዲናር ያስጨምራል። ከዚያም ጥርጣሬውን አይደብቅም፤ አሠሪው የፈረመችበትን ደረሰኝ ካቀረበ መልሱ ሊለወጥ ይችላል። በመጨረሻ መንገዱን ያሳያል፤ አቤቱታው በመጀመሪያ ለቤት ሠራተኞች ጉዳይ መምሪያ ይቀርባል፤ ስምምነት ካልተገኘ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል።

የቃል አመራረጥም ከባድ መዘዝ አለው። «ተናዙል» በሠራተኞች ዘንድ አንድ አሠሪ ሠራተኛውን ለሌላ የሚለቅበት ፈቃድ ነው። በሕግ ሰነድ ላይ ግን መብትን መተው ማለትም ይሆናል። ልዩነቱ በአማርኛ ያልተገለጸላት ሠራተኛ፣ ወደ ሌላ ቤት የተዛወረች መስሏት የሦስት ወር ደመወዟን በፊርማዋ ልትተው ትችላለች። ስለዚህ ጠበቃው በዐረብኛ የጻፈውን አስተያየት ለባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳቱ የሥራው አካል እንጂ ችሮታ አይደለም። ባለጉዳዩም ያልገባውን ቃል ሳይጠይቅ መፈረም የለበትም።